የአርበኛው ልብስ ከጫማ ይጀምራል

የካቲት 23 ቀን፣ የዓድዋ ድል በዓል በሚከበርበት ማለዳ፣ ፒያሳ ላይ ወጣቶች ጎፈር ደፍተው፣ ዝናር ታጥቀው፣ ጋሻና ጦር ይዘው ይታያሉ። ሴቶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ጥበብ ቀሚስ ለብሰውና ካባ ደርበው የእቴጌ ጣይቱን ዘመን አለባበስ ያሳያሉ። ልብሱ ከሳምንታት በፊት ይታሰብበታል። ሸማው ከሽሮ ሜዳ ይገዛል፤ ካባው ወይም ጋሻው ከዘመድ ይዋሳል። ጫማው ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በዋዜማው ምሽት ነው። እኩለ ቀን ላይ ከሕዝቡ መካከል እያነከሱ የሚወጡ ሰዎች የዚህ መዘንጋት ዋጋ የሚከፍሉ ናቸው። የበዓል ልብስ ለብሶ ቀኑን ሙሉ መዋል የሚቻለው እግር ሲፈቅድ ብቻ ስለሆነ፣ የአለባበሱ ዝግጅት ከታች ወደ ላይ መጀመር ይኖርበታል።

ቀኑ ለእግር ለምን ይከብዳል?

በዓሉ በአዲስ አበባ የሚከበረው በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ፣ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የንጉሠ ነገሥቱ ሐውልት በቆመበት ስፍራ ነው። አጠገቡ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ፒያሳ ይገኛል። ወደ ስፍራው የሚመጣ ሰው መንገዶች ለመኪና ስለሚዘጉ ከሩቅ ጀምሮ በእግሩ ይጓዛል፤ ከደረሰም በኋላ በሕዝብ መካከል ለሰዓታት ይቆማል። ሽለላና ፉከራው ሲደምቅ ይዘላል፣ መሬት ይረግጣል። ፈረሰኞች በሚያልፉበት ቦታ ደግሞ እግሩን ከኮቴ መጠበቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ፎቶ ለመነሣት፣ ዘመድ ለመፈለግ፣ ምሳ ለመብላት ሰፈሩን ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳል።

ፒያሳ ያለበት የአራዳ መሬት ዳገትና ቁልቁለት መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። የቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ወደ ለገሃር ሲወርድ በመንገዱ ላይ ቴዎድሮስ አደባባይን ያገኛል። አደባባዩ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ራሱ ከባድ የእግር ጉዞን የሚያስታውስ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ዋናው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የተጎተተው በሰው ጉልበት ነበር። ዛሬ በዓል አክባሪው ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ሲወርድ የሰውነቱ ክብደት ወደ ፊት ይገፋዋል። እግሩ ጫማው ውስጥ ይንሸራተትና ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ ጋር በየእርምጃው ይጋጫሉ። ከበዓል በኋላ የአውራ ጣት ጥፍር የሚጠቁረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ግጭቱ ከጥፍሩ ሥር ደም እንዲቋጠር ያደርጋል። ሽቅብ ሲመለስ ደግሞ ተረከዙ ከጫማው ላይ እየተነሣ ይወድቃል፤ ፍትጊያው ወደ ኋላ ዞሮ ተረከዝን ይልጣል። ስለዚህ ለፒያሳ የሚመረጥ ጫማ ለቁልቁለቱም ለዳገቱም መብቃት አለበት።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የየካቲት ማለዳ ይቀዘቅዛል፤ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐዩ ይበረታል፣ አስፋልቱም ይግላል። በጠዋቱ ብርድ የተደረበ ወፍራም ካልሲ እኩለ ቀን ላይ በላብ ይርሳል።

ታሪካዊ ወይም የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይን ለብሶ ቀኑን በእግር መዋል በሌላውም ዓለም የታወቀ ልማድ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በተጀመረው ኮሚክ-ኮን በተባለው የሳንዲዬጎ የሥዕላዊ መጻሕፍት አድናቂዎች ጉባኤ እና በ1980ዎቹ በጃፓን ኮስፕሌይ የሚል ስም ባገኘው የአለባበስ ትርኢት የሚካፈሉ ሰዎች ሰፊ አዳራሽ ውስጥ በሲሚንቶ ወለል ላይ ለሰዓታት ይቆማሉ። ወለሉና ልብሱ ቢለያይም የእግሩ ችግር ያው ነው፤ ለመልክ የተመረጠ ጫማ ለረጅም ሰዓት አይበቃም።

እግር እንዴት ይጎዳል?

አንድ እግር 26 አጥንቶች አሉት። እነዚህ በጅማትና በጡንቻ ተያይዘው የሰውነትን ክብደት ይሸከማሉ፣ በእርምጃ ጊዜም የመሬቱን ግፊት ያበርዳሉ። ጫማው ሲጠብ ጣቶች ይጨናነቃሉ፤ ሲሰፋ እግር ይንሸራተታል። ሶሉ ሲሳሳ ግፊቱ በቀጥታ ወደ አጥንቱ ይደርሳል። ታኮው ሲረዝም ደግሞ ክብደቱ ከተረከዝ ተነሥቶ በፊተኛው ውስጥ እግር ላይ ያርፋል፤ ለዚህ ነው ታኮ ጫማ ያደረገች ሴት ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከጣቶቿ ሥር የሚያቃጥል ሕመም የሚሰማት።

በብዛት የሚያጋጥመው ጉዳት ውሃ መቋጠር ነው። ጫማው ወይም የካልሲው ስፌት ቆዳውን ወደ አንድ አቅጣጫ እየጎተተ ሲመልሰው የላይኛው የቆዳ ንብርብር ከታችኛው ይላቀቃል፤ በመካከሉ ውሃ ይሞላል። በላብ የረጠበ ቆዳ ከደረቅ ቆዳ ይልቅ ስለሚይዝ ፍትጊያው ይበረታል። ሙቀት፣ እርጥበትና ፍትጊያ በአንድ ላይ ሲገናኙ ጉዳቱ ሩቅ አይሆንም።

ሁለተኛው ጉዳይ እብጠት ነው። ጤነኛ እግርም ቢሆን ቀኑ በገፋ ቁጥር በመጠኑ ያብጣል። ሰው ሲራመድ የባት ጡንቻ እንደ ፓምፕ እየተጨመቀ ደሙን ወደ ልብ ይገፋዋል። ዝም ብሎ ሲቆም ግን ይህ ግፊት ስለሚቀንስ ደምና ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ ነው ለሰዓታት መቆም ከመራመድ ይልቅ እግርን የሚያደክመው፣ በጠዋት ልክ የነበረው ጫማም ከሰዓት በኋላ የሚጠበው።

ባዶ እግርና የአባቶች ክብር

በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተዋጋው ሠራዊት በአብዛኛው ጫማ አልነበረውም። ይህን አስቦ በባዶ እግሩ ወደ አደባባይ የሚወጣ ሰው አለ። ሐሳቡ የተከበረ ቢሆንም የሁለቱ እግር አንድ አይደለም። የዚያ ዘመን ወታደር ከልጅነቱ ጀምሮ ያለ ጫማ ስለኖረ ውስጥ እግሩ ጠንክሯል። ዕድሜውን በጫማ የኖረ የከተማ ሰው ቆዳ ግን ስስ ነው። የፒያሳ መንገድም የጥንቱ የአፈር መንገድ አይደለም፤ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ምስማርና የጋለ አስፋልት አለበት። ምስማር ወይም ስለት የወጋው እግር ለመንጋጋ ቆልፍ ሊጋለጥ ስለሚችል፣ የተወጋ ሰው ቁስሉን አጥቦ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የአበበ ቢቂላ ታሪክ በዚህ ረገድ በትክክል መታወስ አለበት። አበበ በ1952 ዓ.ም. የሮምን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በባዶ እግር መሮጥን ስለለመደና የተሰጠው አዲስ ጫማ ስላልተመቸው ነበር። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት ድሉን ደገመው። ሁለቱም ውድድሮች የሚያስተምሩት ነገር አንድ ነው፤ በታላቅ ቀን እግር መዋል ያለበት በለመደው ሁኔታ ነው።

በባዶ እግር መኖር በኢትዮጵያ ያደረሰው ጉዳትም መዘንጋት የለበትም። በደጋማው የአገሪቱ ክፍል ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ያለ ጫማ የሚሠሩና የሚራመዱ ሰዎች፣ በተለይ በዘር ተጋላጭነት ያላቸው፣ እግራቸው እያበጠ በሚሄድ የዝሆኔ ዓይነት ይያዛሉ። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ መንስኤው ትል ሳይሆን አፈሩ መሆኑን በማሳየት ይታወቃል። በኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል። የአንድ ቀን ባዶ እግር ይህን በሽታ አያመጣም። ነገር ግን ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ ብቻ ሊከለከል የሚችል በሽታ ብዙ ሰው በሚያሠቃይበት አገር፣ ጫማን ከአባቶች ክብር ጋር የሚጣላ ነገር አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። አባቶች በባዶ እግራቸው የዘመቱት ጫማ ስላልነበራቸው ነው፤ የሚከበሩትም በጀግንነታቸው ነው።

ጫማ መምረጥ

ለበዓል ቀን ከሁሉ የሚሻለው ቀድሞ የተለመደ ጫማ ነው። አዲስ መግዛት ካስፈለገ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ እግር በመጠኑ ባበጠበት ጊዜ፣ በቀኑ ከሚደረገው ካልሲ ጋር ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ወርድ ያህል ክፍት ቦታ መኖር አለበት። ጣቶች ሲንቀሳቀሱ ነጻ መሆን፣ ተረከዝ ግን ሳይላቀቅ መያዝ ይኖርበታል። አንዱ እግር ከሌላው የሚበልጥ ሰው በትልቁ እግር ልክ ይገዛል።

ማሰሪያ ያለው ጫማ ዝም ብሎ ከሚጠለቅ ጫማ ይመረጣል፤ ጠዋት ጠበቅ፣ ከሰዓት በኋላ ላላ ማድረግ ይቻላል። ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ከመውረድ በፊት በቁርጭምጭሚት በኩል ያለውን ማሰሪያ አጥብቆ ማሰር እግር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ያግዘዋል። ሶሉ መሬት የሚቆነጥጥ፣ ጎድጎድ ያለ መልክ ያለው ቢሆን ይሻላል። ልሙጥ የቆዳ ሶል በተወለወለ ድንጋይና በቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል።

የአገር ሰው ለረጅም ዘመን ያደረገው በረባሶ ከአርበኛ ልብስ ጋር በመልኩ ይስማማል። ከመኪና ጎማ ስለሚሠራ መሬት ይይዛል፣ አይቆረጥም፣ እሾህና ምስማርን ይቋቋማል። ያገለገለ ጎማን ለሶል የመጠቀም ልማድ በቤተልሔም ጥላሁን በተመሠረተው ሶልሬብልስ አማካይነት ወደ ውጭ ገበያ ጭምር ወጥቷል። የበረባሶ ጉድለት መጠንከሩ ነው፤ ውስጡ ልስላሴ የለውም፣ የማሰሪያው ጠርዝም ቆዳ ይቆርጣል። የጎማውን ጠርዝ በሞረድ ማለዘብ፣ ማሰሪያውን በለስላሳ ጨርቅ መጠቅለልና ስስ ገበር ማስገባት ችግሩን ይቀንሰዋል። ነጠላ ጫማና ሸበጥ ግን ለዚህ ቀን አይሆኑም። ጣቶች ጫማው እንዳያመልጥ ቀኑን ሙሉ ሲጨብጡ ስለሚውሉ ባትና ውስጥ እግር ይዝላሉ፤ በግፊያ መካከልም ጫማው ይረገጣል፣ ሰውም ይወድቃል።

ሴቶች የረጅም ቀሚስና የካባ ማማር ታኮ ይጠይቃል ብለው ሲያስቡ ይታያል። ዝቅ ያለና ሰፋ ያለ ታኮ ግን ቁመቱን ሳያሳጣ ክብደቱን ያካፍላል። ቀሚሱ ሲሰፋ የጫፉ ርዝመት መለካት ያለበት በበዓሉ ቀን በሚደረገው ጫማ ላይ ተቁሞ ነው። በታኮ የተለካ ቀሚስ በዝቅተኛ ጫማ ሲለበስ መሬት ይጠርጋል፣ ዳገት ላይም ባለቤቱን ይጠልፋል።

ጫማውን ከልብሱ ጋር ማስማማት

ምቹ ጫማ ከጥንታዊ አለባበስ ጋር አይሄድም የሚለው ስጋት መፍትሔ አለው። ጠቆር ያለ ወይም ቡናማ ቀለም ያለው፣ ጽሑፍና አንጸባራቂ ነገር የሌለበት የቆዳ ጫማ ከተፈሪ ሱሪ ጋር ዓይን አይጎረብጥም። ከላዩ ገምባሌ ሲታሰርበት ደግሞ የጫማው አንገትና ማሰሪያ ይሸፈናል። ስኒከር ያለው ሰው በስስ ቆዳ ወይም በወፍራም ጨርቅ ልባጥ አሠርቶ ከላይ ማልበስ ይችላል። ልባጡ ሶሉን መሸፈን የለበትም፤ ጨርቅ ከሥር ከገባ ያንሸራትታል።

በዚህ ሥራ የሰፈር ጫማ ሰፊ ያለው ችሎታ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጠባቡን ጫማ በቅርጽ ይወጥራል፣ ልሙጡን ሶል በጎማ ይለብጣል፣ የሚጎረብጠውን ስፌት ያስተካክላል፣ ገበር ቆርጦ ያስገባል። ይህን የሚሠራው ግን ጊዜ ሲሰጠው ነው፤ በዋዜማው ምሽት የመጣለትን ጫማ ከመወልወል በቀር ብዙ ሊያግዘው አይችልም።

ጌጥም ይታሰብበታል። አልቦ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ቆዳ ይልጣል። ከሥሩ ስስ ካልሲ ወይም ፕላስተር ማድረግ፣ ረጅም መንገድ ሲኬድ ደግሞ ማውለቅ ይበጃል። አጥብቆ የታሰረ ገምባሌም የደም ዝውውርን ስለሚያውክ፣ ጣቶች ሲደነዝዙ ወይም ሲቀዘቅዙ መላላት አለበት።

ከበዓሉ በፊት ያሉት ሳምንታት

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታወቀው ጉዞ ዓድዋ ተጓዦችን ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ያስኬደ ነው። እንዲህ ላለው መንገድ እግርን ሳያለማምዱ መነሣት እንደማይቻል ማንም ይረዳዋል። የአንድ ቀኑ በዓልም በመጠኑ ያንኑ ይፈልጋል። አዲስ ጫማ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይደረጋል፤ ከዚያም ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በመጨረሻም ሙሉው ልብስ ተለብሶ፣ ጋሻውም ተይዞ፣ አንድ ዳገትና ቁልቁለት ይሞከራል። በዚህ ሙከራ የቀላው የቆዳ ክፍል በበዓሉ ቀን ውሃ የሚቋጥረው ቦታ ነው፤ ስለዚህ መጠበቅ ያለበት ከአሁኑ ታወቀ ማለት ነው።

ጥፍር ከበዓሉ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። ማዕዘኑን አስርጎ መቁረጥ ጥፍሩ ወደ ሥጋ እንዲያድግ ያደርጋል። የተነቃቃ ተረከዝ በየማታው ታጥቦ ቫዝሊን ቢቀባ ይለሰልሳል፤ ንቃቃቱን በምላጭ መላጥ ግን ለቁስል ይዳርጋል። በጣቶች መካከል የሚያሳክክና የሚላጥ ፈንገስ ያለበት ሰው ከፋርማሲ የሚሰጠውን መድኃኒት ቀድሞ መጀመር አለበት። በውሰት ወይም በኪራይ የተገኘ ጫማ ይህንኑ ፈንገስ ከሰው ወደ ሰው ስለሚያስተላልፍ ልብሱን ተከራይቶ ጫማውን የራስ ማድረግ ይመረጣል።

በበዓሉ ቀን

ጠዋት እግር ታጥቦ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል። በሙከራው የቀላው ቦታ ላይ ፕላስተር ሳይጨማደድ ይለጠፋል፤ ወይም ቫዝሊን ይቀባል። ሁለቱ በአንድ ቦታ ላይ አይሆኑም፤ ቅባት ባለበት ፕላስተር አይይዝም። ካልሲው ላብ የማይዝ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር ድብልቅ ቢሆን ከንጹሕ ጥጥ ይሻላል፤ ጥጥ ላቡን መጥጦ እዚያው ያቆየዋል። ሁለት ስስ ካልሲዎችን መደረብም ፍትጊያው በቆዳው ላይ ሳይሆን በካልሲዎቹ መካከል እንዲሆን ያደርጋል፤ ጫማው ለዚህ የሚበቃ ስፋት ሊኖረው ግን ይገባል።

በትንሽ ቦርሳ የሚያዙት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ፣ ፕላስተር፣ ንጹሕ ፋሻ፣ ትንሽ መቀስና የመጠጥ ውሃ። እኩለ ቀን ላይ ካልሲ መቀየር ከሁሉ የሚቀልና ብዙ የሚጠቅም ነገር ነው። ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ጫማ ሲወለቅ አጋጣሚው ለእግር ዕረፍት ይሆናል፤ ቆዳው ይናፈሳል፣ የቀላ ቦታም ካለ ይታያል። ማሰሪያው ብዙ የሆነ ጫማ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ይህንንም አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ረጅም ሰዓት የሚቆም ሰው በየጥቂት ደቂቃው በጣቶቹ ላይ ተነሥቶ መመለስ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወርና ዕድሉን ሲያገኝ መቀመጥ ይኖርበታል። ጫማው አንድ ቦታ ላይ ማቃጠል ሲጀምር መቆም ያለበት ያኔውኑ ነው። ያ ማቃጠል ውሃ ከመቋጠሩ በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ አምስት ደቂቃ ወስዶ ፕላስተር መለጠፍ የቀረውን ቀን ያድናል።

ጉዳት ሲደርስ

ትንሽና የማያሠቃይ ውሃ የቋጠረ ቦታ አይፈነዳም፤ ላዩ ላይ ያለው ቆዳ ከጀርም የሚጠብቀው ሽፋን ነው። በስሱ ሸፍኖ መተው ይበቃል። ትልቅ ሆኖ መራመድ የሚከለክል ከሆነ እጅና ቦታው በሳሙና ይታጠባል፤ ከጀርም በጸዳ መርፌ ከጠርዙ ተወግቶ ውሃው ይወጣል። ቆዳው ሳይገፈፍ በንጹሕ ፋሻ ይሸፈናል። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ከጋለ ወይም ትኩሳት ካመጣ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ቁርጭምጭሚት ወለም ያለው ሰው ጉዞውን ያቆማል፤ እግሩን ከፍ አድርጎ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ያደርግበታል። ወደ ወጌሻ ለመሄድ መቸኮል ግን አደጋ አለው። አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ያቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ በጣም የሚያመው ሰው ስብራት ሊኖረው ስለሚችል፣ ማንም ሳያሸው በፊት ራጅ መነሣት አለበት።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ሕመሙ ነርቭን ሲጎዳ እግር መቃጠልንም መወጋትንም ላያሳውቅ ይችላል፤ የደም ዝውውሩ ሲዳከም ደግሞ ትንሽ ቁስል ሳይድን ይከርማል። ስለዚህ በባዶ እግር ፈጽሞ አይወጡም፤ ውሃ የቋጠረ ቦታ ራሳቸው አይወጉም፤ ጫማ ከማድረጋቸው በፊት ውስጡን በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ ማታም ውስጥ እግራቸውን በመስተዋት ወይም በቤተሰብ እርዳታ ያያሉ። እርጉዝ ሴቶች እግራቸው ይበልጥ ስለሚያብጥ ሰፋ ያለ ጫማና የሚቀመጡበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። የአርበኛ ልብስ ለብሰው የሚወጡ ሕፃናት ደግሞ ሕመማቸውን በጊዜ ስለማይናገሩ፣ ወላጅ በየመካከሉ ጫማቸውን አውልቆ እግራቸውን ማየት አለበት።

ማታ ቤት ሲገባ

ከመንገድ የመጣን እንግዳ እግር ማጠብ በኢትዮጵያ የቆየ የአክብሮት ልማድ ነው፤ ለራስም ሲሆን ትርጉሙ አይቀንስም። እግር ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ቅባት ይቀባል። ቅባቱ በጣቶች መካከል አይደረግም፤ እዚያ የሚቀረው እርጥበት ፈንገስ ያራባል። ከዚያ እግርን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ ለሩብ ሰዓት ያህል መጋደም እብጠቱን ያበርዳል። በላብ የራሰ ጫማ ገበሩ ወጥቶ በጥላ ይናፈሳል እንጂ በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር አይደርቅም፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ጫማ ይደረጋል።

እብጠቱ በማግስቱ ካልቀነሰ፣ ወይም አንዱ ባት ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ ሐኪም ጋር መሄድ ያስፈልጋል። ከሥሩ ደም ቋጥሮ የጠቆረ ጥፍር ብዙ ጊዜ በራሱ ያድጋል፤ ሕመሙ የሚበረታ ከሆነ ግን በጤና ባለሙያ መታየት አለበት። የበዓሉ ጫማም ታጥቦና ተጠግኖ ከካባውና ከጎፈሩ ጋር ይቀመጣል፤ የለመደ ጫማ ለሚቀጥለው የካቲት 23 ከአዲሱ ይሻላል።